ሎላ ሲሉን ጉድጓድ ገባን

እኔን ከጉድጓድ ጎትቶ ያወጣኝ አህያ ነው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ልጆቼ ይስቃሉ፤ ባለቤቴም «እንግዳ ባለበት እንኳ ብትተወው ምናለ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ እውነት ነዋ! ዛሬ ተቀምጬ ይህን የምጽፍላችሁ በአንዲት የድሬዳዋ ሴትና በአህያዋ ምክንያት ነው። በመካከሉ አንዲት ቃል አለች፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። የሶማሊያ ጦር ከሐረርጌ ተባሮ ከወጣ ጥቂት ክረምቶች አልፈዋል። እኔ ጎጃም ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የግብርና መምህር ነበርኩ። ወጣት ነኝ፣ አላገባሁም፣ አፈር በጣቴ አሽቼ «ሸክላው በዝቷል» እያልኩ የምኩራራ ሰው ነኝ። አፈር ላይ ደፋር ልሁን እንጂ ሰው ፊት አንደበቴ የታሰረ ነበር። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ነው ያደግሁት፣ ዘመኑም ይህንኑ አጠናከረልኝ። ስብሰባ ላይ ከሁሉም ጋር አጨበጭባለሁ። አስተያየት ስጥ ከተባልኩ «ከጓዶች ሐሳብ ጋር እስማማለሁ» እላለሁ። ሲመሽ ደጄ ላይ ሰው ከተጣራ መብራቱን አጠፋና እስኪሄድ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ይህ የኔ ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን የክረምት ሥልጠና ስም ዝርዝር ተለጠፈና ስሜን አየሁት፤ ድሬዳዋ። ማን እንደመረጠኝ አላውቅም፣ አይጠየቅምም። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰብን የግብርና መምህራን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አረፍን። ዴስኮቹ ወደ ጥግ ተገፍተው በቦታቸው የሽቦ አልጋ ተደርድሯል። ሙቀቱን አልነግራችሁም። ጎጃም ላይ በነሐሴ ጋቢ ደርበን ነው የምንወጣው፤ እዚህ ካናቴራ እንኳ ሸክም ሆነብን። ጠዋት የፖለቲካ ውይይት፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከሰዓት የተግባር ሥራ ነው። መሸኛ የሚሰጠን ሥልጠናው ሲያበቃ ነው፤ ያለ መሸኛ ደግሞ ባቡር የለም። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም እዚያው ነን።

ከጎኔ ያለው አልጋ የጋሽ ታደሰ ነበር። ጋሽ ታደሰ ከሸዋ የመጡ አንጋፋ መምህር ናቸው። ጦርነቱ የፈነዳ ጊዜ ጅጅጋ አካባቢ አዲስ ተመድበው ገና አገሩን ሳይለምዱ እንደደረሰባቸው ሁላችንም ሰምተናል። እንዴት እንደተረፉ ግን ተናግረው አያውቁም። ሲበሉ ጀርባቸውን ለበር አይሰጡም። ሲተኙም ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው። እኔን ለምን እንደወደዱኝ እንጃ፤ ምናልባት ነገር ስለማልጠይቃቸው ይሆናል።

በደረስን ሰሞን ከዚራ ከሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ስንመለስ እንዲህ አሉኝ።

«ስማ ሙሉጌታ፣ እዚህ አገር ሌላ ቋንቋ ባትችል አንዲት ቃል ያዝ። ሎላ። በኦሮምኛ ጦርነት ማለት ነው። ሎላ ሲሉ ከሰማህ ‹ምን መጣ› ብለህ አትጠይቅ፣ አትሩጥም። ጉድጓድ ፈልግ።»

«እሺ ጋሽ ታደሰ» አልኩ። እውነታቸውን ነበር፤ ሎላ ጦርነት ነው። ቃሏ ሌላ መንትያ እንዳላት ግን እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

የአፈር ጉድጓድ የምንቆፍርበት ቀን ደረሰ። ለሙያው እንግዳ ለሆናችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና አንዱ ግድግዳ ቀጥ ተደርጎ ይላጋል። ከዚያ የአፈሩ ንብብር ከላይ እስከ ታች ይታያል፣ ይለካል። አሰልጣኛችን ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ አገሩን የሚያውቀው እንደኛው በካርታ ነው። መቆፈሪያ የሚቀለውን ቦታ ፈልጎ ወንዝ ዳር ወሰደን። ወንዝ ስላችሁ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ የድሬዳዋ ወንዝ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ግመል ያርፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጀልዴሳ በሚወስደው በኩል ሰፋ ይላል። እዚያ ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ካለ ደልዳላ ላይ ጉድጓዱን እየተፈራረቅን ቆፈርን፣ በአንድ በኩልም መውረጃ ደረጃ አበጀንለት። ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን እየገባን እንድንለካ ተባለ። የእኔና የጋሽ ታደሰ ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከፍ ካለው ዳርቻ ላይ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣሉ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች መጣች። ቀፊራ ገበያ ውላ መመለሷ ነው፤ አህያው ሸክሙን አራግፎ ገመዱ ብቻ ጀርባው ላይ ተጠቅልሏል።

«ወሪያ! ወርቅ ነው የምትቆፍሩት?» አለች።

«አፈር ነው የምናየው» አልኳት።

«አፈር ለማየት ጉድጓድ? አቦ! የቆምክበት ምንድነው ታዲያ?» ሳቀችብኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረች፤ «አንተ ሽማግሌ፣ ለልጁ ጥላ ያዝለት፣ ይቀልጥብሃል!»

ድሬዳዋ አንቱታ አያውቅም። ክፉ ሐሳብ የለበትም፣ ሰውን ሁሉ ቤተሰብ ማድረጋቸው ነው። ጋሽ ታደሰ ፈገግ አሉ። ከተዋወቅን ጀምሮ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ሴትዮዋ አሸዋውን መሻገር ጀመረች፣ እኔም ወደ ታች ወረድኩ።

«አሸዋ» አልኩ ሜትሩን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ። ጋሽ ታደሰ ከላይ ይጽፋሉ። «ደለል። ከሥሩ አሸዋ። እንደገና ደለል።»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። አንዱ ደለል አንድ ጎርፍ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምር ሰው የዚያን ቀን የጎርፉን አልጋ ስቆጥር ዋልኩና ባለአልጋው ይመጣ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከወደ ሐረር ተራሮች ላይ ብቻ የጠቆረ ነገር ይታያል፣ እሱም ሩቅ ነው።

መጀመሪያ ከላይ፣ ከወንዙ ራስጌ፣ የብዙ ሰው ጩኸት መጣ። አልተለየኝም። ጩኸቱ እየተቀባበለ ቀረበ። ከዚያ ያቺው ሴት ከማዶ በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

«ሎላ! ሎላ! ሎላ!»

ቀና ብዬ ጋሽ ታደሰን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ ሆኗል። ደረጃው ላይ እግሬን ሳሳርፍ እሳቸው ከአፋፉ ዘለው ወረዱብኝ። ደረጃው ከነግድግዳው አብሯቸው ወረደ። አሸዋው እንደ እህል ፈሰሰና እሳቸውን እስከ ወገባቸው፣ እኔን እስከ ጉልበቴ ዋጠን። በአንድ እጃቸው አንገቴን አቀርቅረው በሌላው አፌን አፈኑኝ።

«ዝም! እንዳትተነፍስ!»

ወዲያው ጉምጉምታ ተሰማ። መሬቱ በጀርባዬ በኩል ይንቀጠቀጣል።

«ታንክ ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «ያልፉናል። ዝም ካልን ያልፉናል።»

አመንኳቸው። እንዴት አላምን? ጦርነት ያየ እሳቸው ናቸው። እግሬን ለማውጣት ሞከርኩ፣ አሸዋው ጨመደደኝ። ከላይ የሚታየኝ ጉድጓዱን የምታህል ሰማይ ብቻ ናት። እዚህ እንደምሞትና መሸኛዬ ሳይወጣ እንደሚቀር አሰብኩ። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንደሚያስብ አይገርማችሁም?

ከዚያ አንድ ሽታ መጣ። ዝናብ የመታው የአፈር ሽታ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ቅጠልና ፍግ የተቀላቀለበት፣ የደጋ አፈር። እዚያ አሸዋ ላይ ምን ያደርጋል? ወዲያው ጫማዬ ውስጥ ቀዘቀዘኝ። ግድግዳውን አየሁት። ከታች ያለው ንብብር ጠቁሯል፤ ጥቁረቱም ዓይኔ እያየ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃ አሸዋውን ሰርስሮ እየገባ ነው። ታንክ የምንለውም ውሃ ነው!

«ጎርፍ!» ልል አፌን ከፈትኩ፣ እጃቸው አልለቀቀኝም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እዚያ ከእኔ ጋር አልነበሩም፣ ሌላ ቦታ ሄደዋል።

ከላይ እግር ተንኮሻኮሸ። አንድ ሰው አጎንብሶ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጮኸ። መልስ የለም። ደግሞ ጮኸ። ድምፁን አወቅኩት፤ ያቺው ሴት ናት። ቅድም በአማርኛ ስትቀልድብን ነበር፤ አሁን ግን ደንግጣለች፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

«ቀቢ!» አለች። «ቀቢ! ቀቢ!»

ጋሽ ታደሰ አፌን ይበልጥ አጥብቀው አፈኑኝ። «ሰማህ?» አሉኝ፣ ጥርሳቸው ይጋጫል። «‹ያዘው› እያሉ ነው። ያኔም ይህንኑ ነው ያሉት። እንዳትመልስ!»

እንግዲህ ልብ በሉ። ውሃው ጭኔ ደርሷል። እዚህ ታች የማከብራቸው፣ የምወዳቸው ሰው ዝም በል ይሉኛል። እዚያ ላይ የማላውቃት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ትጠራኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በል ያለኝን ሁሉ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብዙዎቹም ወዳጆቼ ነበሩ። የዚያን ቀን ግን የጋሽ ታደሰን ጣቶች አንድ በአንድ ከአፌ ላይ ፈለቀቅኋቸው። አንዱ ጣት ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። የማውቀውን አንድ የኦሮምኛ ቃል ባለኝ ጉሮሮ ለቀቅሁት።

«ሎላ!»

ከላይ ገመድ ወረደና ፊቴን መታኝ።

ቀቢ። በአማርኛስ «ያዝ» እንል የለ? ሌባ ሲሮጥም ያዝ፣ ገመድ ስንወረውርም ያዝ!

«ጋሽ ታደሰ፣ ገመድ ነው! ያዝ ነው የምትለን፣ ገመዱን ያዝ!» ዓይናቸውን ገልጠው ገመዱን እንደ እባብ አዩት። አልጠበቅኳቸውም፤ በብብታቸው ሥር አዙሬ ቋጠርኩና ጎንበስ ብዬ በእጄ አሸዋውን መዛቅ ጀመርኩ። ሊገድለን የመጣው ውሃ አሸዋውን አላልቶልን ነበር። ሴትዮዋ የገመዱ ጫፍ የታሰረበትን አህያ ዞር አድርጋ መታችው። አህያ ደግሞ ከውሃ ለመሸሽ መካሪ አይፈልግም። ጋሽ ታደሰ አንድ ጫማቸውን ትተው እየጮሁ ወደ ላይ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። የጎርፉ ምላስ ደልዳላውን አልፎ በጉድጓዱ አፍ ሲፈስ ያየሁት ያኔ ነው። ቀይና ወፍራም ነው፣ እንጨትና ሳር ይዟል። ደረቴ ደረሰ። እግሬ አንዴ ይላቀቃል፣ አንዴ ይያዛል። ግድግዳውን ብቧጥጥ በእጄ ላይ ይናዳል። ገመዱ አልተመለሰም። ሄደዋል አልኩ። ሰው ናቸው፣ ለነፍሳቸው ይሩጡ እንጂ። እናቴን በስሟ ጠራኋት።

ገመዱ ወረደ። ከገመዱም ጋር የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ የተሰነጠቀ፣ የሚያለቅስ።

«ቀቢ! ሙሉጌታ፣ ቀቢ! ቀቢ!»

ያዝኩ።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ከፍ ባለው ዳርቻ ላይ በሆዴ ተኝቼ አሸዋ ስተፋ ነው። ቀና ስል ጉድጓዱ የለም፣ ደልዳላውም የለም። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። ከመታጠፊያው ወዲያ ጓደኞቻችን ስማችንን ይጠራሉ፤ እኛ ቀድመን የሸሸን መስሏቸው ነበር። ሴትዮዋ ሙሚና ትባላለች፤ ስሟን የነገረችን ያን ጊዜ ነው፣ ያውም እየተቆጣች።

«ሎላ እያልኩ ጉድጓድ ትገባላችሁ? እብድ ናችሁ ወላሂ! ማዶ ደርሼ ዞር ስል ይሄ ሽማግሌ ጉድጓድ ዘሎ ይገባል፤ አህያዬን ይዤ ተመልሼ ተሻገርኩላችሁ። ጎርፍ መጣ ሲባል ሰው ወደ ላይ ነው እንጂ ወደ ታች ይሮጣል?»

«ሎላ ጦርነት አይደለም?» አልኳት።

«ጦርነትም ሎላ ነው፣ ጎርፍም ሎላ ነው። ትንሽ ሳብ ታደርገዋለህ፣ ሎላ— እንዲህ!» ደጋግማ አለችልኝ። ለኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ነበሩ። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከሞት የወጣ ሰው ሳቅ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ አላቆም ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ አልሳቁም። በአንድ እግራቸው ጫማ፣ የተሰበረ ጣታቸውን ጨብጠው፣ ውሃውን ያያሉ።

«ቀቢ ማለት ያዘው ማለት አይደለም?» ብለው ጠየቋት።

«ነው። ያዘውም ነው፣ ያዝም ነው። ሌባ ሲሮጥ እንላለን፣ ገመድ ስንሰጥም እንላለን።»

ዳርቻው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ነገሩን። እሳቸውና አበራ የሚባል ወጣት መምህር ከከተማው ወደ ሐረር በኩል ሸሽተው አንድ የኦሮሞ ገበሬዎች የእህል ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። አፉ ጠባብ ነው፣ ያለ ገመድ አያስወጣም። አበራ ቆስሏል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ጎህ ሲቀድ ሰዎች መጥተው ከአፋፉ ጠሩ። «ቀቢ፣ ቀቢ» ይላሉ። አበራ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ጋሽ ታደሰ አፈኑት። ሰዎቹ ደጋግመው ጠርተው ሄዱ። አበራ በዚያው ቀን አረፈ። እሳቸው በማግስቱ የሚያልፍ ሠራዊት አማርኛ ሲያወራ ሰምተው ጮኹና ወጡ።

«ጠላት ነበሩ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት» አሉ። «አሁን ንገሪኝ፣ አንቺ ልጅ። ገመድ ይዘው ነበር ይሆን?»

ሙሚና የአህያዋን ጆሮ ትዳብስ ነበር፣ እጇ ቆመ። «ገመድ አላየህም?» አለች በቀስታ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«አላህ ነው የሚያውቅ» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልተቆጣችንም፤ ጓደኞቻችን ዞረው እስኪደርሱልን ድረስም አልሄደችም።

መሸኛ ተሰጥቶን የተለያየን ዕለት ባቡር ጣቢያው እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። ጋሽ ታደሰ ተጋፍተው ቀድመውኝ ገቡ። እኔ ውጭ ሆኜ ሻንጣቸውን በመስኮት አነሳሁላቸውና «ቀቢ!» አልኳቸው። ሻንጣውን ያዙ፣ እጄንም አብረው ያዙ፣ ባቡሩ እስኪጮህ አልለቀቁኝም። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። መሞታቸውን ሰምቼ ለቀብር አልደረስኩም።

እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ዝውውር ጠይቄ ድሬዳዋ ገባሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ኦሮምኛ ተማርኩ። ሎላና ሎላን አሁን እለያለሁ። ተማሪዎቼን ለአፈር ጥናት ስወስድ መጀመሪያ የማደርገው የአካባቢውን ሰው ሰላም ብዬ የቦታውን ስምና ጎርፍ ይመጣበት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ የግብርና ሰው ነኝ፣ ጉድጓድ የገባ እህልም እንደሚነቅዝ አውቃለሁ፤ ዝምታም ጋሽ ታደሰ ውስጥ ነቅዞ በዓይኔ አይቻለሁ። ተናገሩ ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም። በዚያ ዘመን ደጅ ላይ የሚጣራ ሁሉ ገመድ ይዞ አልነበረም፤ ይህን እኔም እናንተም እናውቃለን። የምነግራችሁ የደረሰብኝን ነው።

ከሥልጠናው ጎጃም የተመለስኩ ሰሞን፣ ሲመሽ ደጄ ላይ ሰው ተጣራ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ መብራቱ ሄደ። ግን «አቤት!» አልኩና በሩን ከፈትኩት። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፣ ባዶ የክብሪት ቀፎ ይዛለች። አይታኝ ክው አለች።

«አለህ እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስጣራ የለም እያልኩ ነበር የምመለሰው።»